ለሐዘን ቤት የተፈቀደ ፊልም

አስፈሪ ፊልም የሚወድ ሰው ኑሮ የደላው ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚያስደነግጠው ነገር ያጣ ሰው ካልሆነ በቀር፣ ደክሞት ቤቱ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ በገዛ እጁ ድንጋጤ የሚከፍት ማን ነው? እኔ የምወደው ኮሜዲ ነበር። ኮሜዲም ቢሆን ሁሉን አልወድም፤ ግን መጥፎ ኮሜዲ ቢያንስ እንቅልፍ ይሰጣል። መጥፎ አስፈሪ ፊልም ጊዜዬን በልቶ እንቅልፌንም ይነሳኛል።

ያኔ እንጅባራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ስልክ ላይ ፊልም ማየት ገና ያልተለመደበት፣ ፍላሽ ግን በየሰዉ የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ የማይጠፋበት ጊዜ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሊያልቅ ሲል ፍላሾች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራሉ። ባሕር ዳር ደርሶ የመጣ ሰው ካለ አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ሁላችንም ከሱ ኮፒ እናደርጋለን። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የአስተያየት ሰዓት ነው። አለቃችን ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም። ምክንያቱን ባይነግረንም እሱም የራሱ አስተያየት እንደነበረው እናውቃለን።

ከጎኔ የምትቀመጠው ጸሐፊ ፊልምን የምትመዝነው በልብስ ነው። «ታሪኩስ ምንም አይል፤ ግን ያቺ አረንጓዴ ቀሚሷን አያችኋት?» ትላለች። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ፊልም ሲጀመር የሚተኛ፣ ሲያልቅ የሚነቃ፣ ሰኞ ግን ከሁላችንም አብልጦ የሚተች ሰው ነበር። «መጨረሻው አላሳመነኝም» ይላል። ያየው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ እንዴት ብሎ ያሳምነው።

በአማርኛ ኮሜዲዎች ላይ ግን ሁላችንም የምንስማማበት ቅሬታ ነበረን። ፊልም ሠሪዎቹ የገጠር ሰው ሲያስፈልጋቸው አንድ ተዋናይ ቁምጣ አልብሰው፣ ዱላ አስይዘው የጎጃም ሰው ነው ይሉናል። ንግግሩን ስንሰማው ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የወሎ፣ የቀረው የማንም አይደለም። ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ሊፍት ሲያይ ያማትባል። «እኛ ሊፍት አይተን አናማትብም፤ እንጅባራ ውስጥ ሊፍት የለም እንጂ» አለች ጸሐፊዋ አንድ ቀን። እየተናደድንም እንስቅ ነበር፤ ስቀን ስንጨርስ ፍላሹን ለሌላው እናቀብላለን።

ከዚያ አባቴ ሞተ።

የሞተው በክረምት መግቢያ ላይ ነው፤ ታሞ ብዙ አልቆየም። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ተነቀለ፤ ሰልስቱ ወጣ፤ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ወደየቤቱ ተመለሰ። ሌላ እህት ወንድም ስለሌለኝ እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። እናቴ ጸጉሯን ተቆረጠች፣ ጥቁር ለበሰች፣ አልጋውን ትታ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፈች። ቴሌቪዥኑንም በጥቁር ሻሽ የሸፈነችው ራሷ ናት። ይኼ ሁሉ ወግ ስለሆነ አልገረመኝም።

የከበደኝ ከወጉ አልፎ የመጣው ነው። አርባው ከወጣ በኋላ የሌላው ሰው እናት ቀስ በቀስ ቀና ትላለች፤ የእኔ እናት ግን ወደ ታች መውረዷን ቀጠለች። ምግብ ሳቀርብላት አንድ ጊዜ ጎርሳ እጇን ትሰበስባለች። ሰው ሲያናግራት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣም። ከሥራ ስመለስ የማገኛት ጠዋት ትቻት በሄድኩበት ቦታ ላይ፣ በዚያው አቀማመጥ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምንም በሽታ አላገኙባትም፤ «አብሏት» ብለው መለሱን። አባቴን ተከትላ ልትሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ፍርሃት ፍለጋ ፊልም መክፈት ለማን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለእኔ አልነበረም።

እናቴ በሐዘኗ ነገር የምትፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአባቴን ታላቅ እህት። አክስቴ ከአዘና ወዲያ ገጠር የሚኖሩ፣ አማርኛን ለገበያ ያህል ብቻ የሚያውቁ፣ ቋንቋቸው አዊኛ የሆነ ሴት ናቸው። አባቴ በልጅነቱ እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። እናቴ ደግሞ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት። አንድም የአዊኛ ቃል ሳታውቅ ሙሽራ ሆና ወደዚህ ቤተሰብ ስትገባ፣ የባሏ ዘመዶች ከኋላዋ ሲያሽሟጥጧት፣ አጠገባቸው አስቀምጠው ቋንቋውን አንድ በአንድ ያስተማሯት አክስቴ ናቸው። የራሷ እናት ካረፈች ወዲህ እናቴ ሌላ ትልቅ ሰው አልነበራትም። ስለዚህ «ወንድሜን ረሳችው» ብለው እንዳያዝኑባት ትጠነቀቃለች። ነጠላዋ አንድ ቦታ ቢነጣ እንኳ «እትዬ ያዩኛል» ብላ መልሳ ጥቁር ታስነክረዋለች።

አክስቴ በየገበያው ቀን ከሚኒባስ ወርደው ይመጣሉ። ድንች ወይም ጎመን ይዘው ይገባሉ፤ ከእናቴ ጎን ፍራሹ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ የመኪናው ሰዓት ሲደርስ ይሄዳሉ። ያ ዝምታ ለሁለቱም የሚገባቸው ይመስለኝ ነበር።

አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ግን ዝምታ የማይሆንላት ሴት ናት። የእናቴ የቅርብ ጓደኛ ናት፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልታጽናናት ትመጣለች፤ የማጽናናት ቃል ሲያልቅባት ዓይኗ ማረፊያ ያጣል። አንድ እሑድ ዓይኗ የተሸፈነው ቴሌቪዥን ላይ አረፈ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ፍላሽ ላይ።

«ምን አለው እሱ?» አለችኝ።

«አንድ ኮሜዲ፣ አንድ አስፈሪ ፊልም።»

ጎረቤታችን እንደ ዳኛ ወደ ግድግዳው ተመለከተች። «ኮሜዲውማ አይሆንም። ሐዘንተኛ ጥርሱን አያሳይም። ያ አስፈሪ ያልሽው ሰው ይሞትበታል?»

«ብዙ ሰው ይሞትበታል።»

«ይለቀስበታል?»

«ይጮኹበታል።»

«እንግዲያማ ለቅሶ ቤት ማለት ነው፤ ምን ነውር አለው።» ወደ እናቴ ዞረች። «የሰው ሐዘን ማየት ለሐዘንተኛ አልተከለከለም። እንዲያውም የሚገባው ነው። አይደለም?»

እናቴ አልመለሰችላትም። አልከለከለቻትምም። ጎረቤታችን ተነሥታ ሻሹን ገለጠች፤ በክብር አጣጥፋም መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ፍርድ ከእኛ ሰፈር ውጭ የሚፈርድ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን የሳቅኩት በልቤ ነው።

በዚያው እሑድ የጀመረው ልማድ ሆነ። ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ይዘጋል፤ ጎረቤታችን ትመጣለች፤ ከማዶ ሁለት ሴቶች ይጨመራሉ፤ ሁሉም እንደ ለቅሶ ደራሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቀመጣሉ። ፊልሞቹ የውጭ ሆነው በአማርኛ የሚተረኩ ናቸው፤ ተራኪው ከሥር እየገባ ሁሉን ያስረዳል። መጀመሪያ የከፈትኩላቸው ፊልም ውስጥ አንዲት ወጣት ገና ታሪኩ ሳይሞቅ ተገደለች።  ከዚያ ከፍራሹ ላይ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ሴቶቹ ሁሉ ተከትለው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሟች ነፍስ ይማር ተባለ። ሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ፊልም ሲያይ ፈንዲሻ ይበላል፤ በእኛ ቤት ደረት ይመታ ነበር። አንዲቱ ሴት የሟችን እናት አይታ እንባዋን ጠረገች። «ምነው ወላጅ የሌለውን ቢገድል» ስትል ሌላዋ ገሠጸቻት።

አስተያየታቸው ከመሥሪያ ቤታችን የሰኞ አስተያየት በምን ቢለይ ጥሩ ነው፤ እነሱ ሰዎቹን እንደ ሰው ነበር የሚያዩዋቸው። አንድ ቤተሰብ ጫካ መሐል ትልቅ ቤት ገዝቶ ሲገባ ጎረቤታችን ገና ከበሩ ተቆጣች። «ጎረቤት አይጠይቁም? ቤት ሲገዛ ሻጩ ለምን እንደሸጠ አይጠየቅም? ደግሞስ እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ ዳቦ ይዞ የመጣ አንድ ሰው አለ?» ቤቱ ውስጥ ነገር መንኳኳት ሲጀምር ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጠበል» አሉ። ሰዎቹ ጠበል ሳይረጩ፣ ቄስ ሳይጠሩ፣ በኮምፒውተር መጠያየቅ ሲጀምሩ ከማዶ የመጣችው ሴት ተስፋ ቆርጣ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጠች።

አንድ ጊዜ ነገሩ ከጦዘ በኋላ መብራት ሄደ። በእኛ ከተማ መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ፊልሙን ሴቶቹ ራሳቸው ይጨርሱት ጀመር። ጎረቤታችን ሁሉንም ሰው አዳነች፤ ልቧ ሩኅሩኅ ነው። ሌላዋ ሁሉንም ገደለች። ከዚያ እናቴ ተናገረች።

«ያቺ የምትዞረው ሟች ሰው መግደል አይደለም የፈለገችው» አለች። «አርባዋ ስላልወጣላት ነው። ልጆቿ ቤቱን ሸጠው ሄዱ፤ ስሟን የሚጠራ ጠፋ። አንድ ሰው ስሟን አስጠርቶ ቢያወጣላት ታርፋለች። ጩኸቱ ምን ያደርጋል።»

አባቴ ከተቀበረ ወዲህ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ሌላ ነገር የምፈልግ መስዬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ሌላም ነገር ነበር፤ አጠገቧ ያስቀመጥኩትን የዳቦ ሰሃን ስመለስ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ፊልም እያየች ሳታውቀው ትበላለች። ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ሰሃኑን ሞልቼ ከጎኗ ማስቀመጥ ሥራዬ ሆነ። በሳምንቱ ውስጥም ቀስ በቀስ መጉረስ ጀመረች፤ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት።

ከመሥሪያ ቤት ኮሜዲ መውሰድ ተውኩ። «ሰው የሚያልቅበት የለም?» ብዬ ስጠይቅ ጸሐፊዋ በሐዘን ታየኛለች፤ ሐዘኑ ልቧን ነካው ብላ ሳትጠረጥረኝ አልቀረችም። ሰኞ ሰኞ የሴቶቹን አስተያየት ይዤላቸው እሄዳለሁ። የሟቿን አርባ ነገር ስነግራቸው የሒሳብ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ያለውን እስከ መጨረሻው ሰማ። «ይኼስ ያሳምናል» አለ።

በጥቅምት አንድ እሑድ ነው። ሰማዩ ብሩህ ነበር፤ የእንጅባራ ዝናብ ግን ወር አይመርጥም፤ ፊልሙ መሐል ላይ ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ። ጎረቤታችን ያሰጣችው ገብስ ትዝ ብሏት «እስክመጣ ማንም እንዳይሞት» ብላን እየሮጠች ወጣች። እናቴና ሁለቱ ሴቶች ማየታቸውን ቀጠሉ፤ እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከዝናቡ በላይ ከፍ አደረግሁ።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻውን ነው። ከምድር ቤቱ ነገር ይንኳኳል። ሰውዬው ትንሽ ባትሪ ይዞ፣ ካልሲውን ብቻ አድርጎ፣ ደረጃውን ይወርዳል።

«ይኼ ሰውዬ አንድ ዘመድ የለውም?» አለች እናቴ። «ተው አትውረድ የሚለው አንድ ሰው ይጥፋ?»

ሰውዬው ወረደ። ጨለማው ውስጥ ቆሞ «ሰው አለ?» ብሎ ተጣራ። ምንም መልስ የለም። ደግሞ «ሰው የለም ወይ?» አለ ተራኪው እየተንቀጠቀጠ። እናቴ ከፍራሹ ላይ፣ ልክ ደጃፏ ላይ እንግዳ እንደቆመባት ባለቤት፣ ድምፇን ለስልሳ መለሰችለት።

«ቤት ለእንግዳ።»

ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። እሷም ያለችውን አሁን ገና የሰማችው መሰለኝ። አፏን በነጠላዋ ልትይዝ ሞከረች፤ አልያዘላትም። መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ ከዚያ ሳቋ ወጣ፤ የጥንቱ ሳቋ፣ ከሆዷ የሚነሣው፣ ትከሻዋን የሚያንቀጠቅጠው። ሴቶቹም ተከተሏት። እኔም ሳቅሁ። ሰውዬው ምን እንደደረሰበት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ነፍስ ይማር ያለውም አልነበረም።

ሳቁ ገና ሳይበርድ ጎረቤታችን ገባች። ጸጉሯ በስብሷል፤ ፊቷ ግን ሌላ ነገር ነበረበት። በሩን ይዛ ቆመች።

«የባልሽ እህት ደጅ ነበሩ» አለች።

እናቴ ሳቋ እፊቷ ላይ ደረቀ።

«ከበሩ ሲመለሱ ነው ያገኘኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው። ስጠራቸው አልዞሩም።»

ወጥቼ አየሁ። ከአጥሩ ውስጥ፣ ከበሩ ሥር አንድ ማዳበሪያ ድንች ቆሟል። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ኋላ ስንሰማ አክስቴ ለአንድ ዘመድ ተዝካር ከተማ መጥተው፣ ሳይጠበቁ ጎራ ሊሉ ኖሯል።

እናቴ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፤ ሻሹን ከመስኮቱ አንሥታ መልሳ ሸፈነችው። ጎረቤታችን «ምን ታደርጊዋለሽ፤ ጥርስ ባዳ ነው» አለቻት። ሰው በሐዘኑ መሐል ሲስቅ የሚባል ነው፤ ጥርስ የሥጋ ዘመድ ስላልሆነ ሞት አይገባውም ማለት ነው። እናቴ ግን አልተጽናናችም። «ጥርሴስ ባዳ ነው፤ እሳቸው ግን ዘመድ ናቸው» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ ፍራሹ ተመለሰች። የዳቦው ሰሃን እንዳቀረብኩት ይነሣል። የገበያው ቀን መጣ፤ አክስቴ አልመጡም። የሚቀጥለውም መጣ፤ አልመጡም። እናቴ በገበያ ቀን የሚኒባስ ጥሩምባ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ መኪናው ሲያልፍ እጇ ይወርዳል። እኔ በአክስቴ ተናደድኩ፤ ዛሬም አልሸሽገውም። አንዲት ሴት ከሞት አፋፍ ተመልሳ አንድ ጊዜ ብትስቅ ምን ትሆናለች? ጀርባ ይሰጧታል?

«እኔ አዘና ልሂድና ላናግራቸው» አልኳት።

«ምን ብለሽ? 'እናቴ የሳቀችው በሰው ሞት ነው' ብለሽ?» አለችኝ።

ጎረቤታችን ሽማግሌ ይላክ አለች። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ግን ሽማግሌዎቹ ምን ብለው ነገሩን እንደሚከፍቱት ስናስበው ሁላችንም አፈርን። የሠፈራችን ሰው ስለ ድንበር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ደም ይሸመግላል። ስለ አስፈሪ ፊልም ገና አልተጀመረም።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት «እሺ፣ እናንተ ሰፈር ምን ተባለ?» አለኝ የሒሳብ ሠራተኛው፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠብቆ ነው። አላየንም አልኩት። ሰዎች በኮሜዲ ላይ ሲነታረኩ እየሰማሁ እናቴ በዚያ ሰዓት የት ቦታ ላይ እንደተቀመጠች አስብ ነበር።

ኅዳር ገብቶ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቴ መጡ። ቤቱ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። በሩ ላይ ቆመው አዩን። እናቴ ከፍራሹ ላይ እንደ ልጅ ተፈናጥራ ተነሣች።

«እትዬ፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለች።

ገቡ። እንደ ወትሮው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።  ከዚያ የተሸፈነውን ቴሌቪዥን በአገጫቸው አመለከቱ። የሚያወሩት በአዊኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ነው የምጽፈው።

«ያን ቀን ያሳቀሽን ክፈቺልኝ» አሉ።

እናቴ ወደ እኔ አየች።  ተነሥቼ ሻሹን ገለጥኩ፤ ፍላሹን ሰካሁ፤ ሰውዬው ደረጃውን ሊወርድ ሲል ያለበት ቦታ ላይ አመጣሁት። ሰውዬው ባትሪውን ይዞ ወረደ። ተራኪው በአማርኛ ሲያወራ እናቴ ከሥር ከሥር ወደ አዊኛ ትመልስላቸዋለች፤ ቋንቋውን ላስተማሯት ሰው። አክስቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። ሰውዬው «ሰው አለ?» አለ። እናቴ ይህንንም ተረጎመች።

አክስቴ ከቴሌቪዥኑ ወደ እናቴ ዞሩ።

«አያስቅም» አሉ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። «አያስቅም፣ እትዬ» አለች።

«አንቺን ምኑ አሳቀሽ?»

«እንግዳ የመጣበት መስሎኝ... ቤት ለእንግዳ አልኩት።» ይህን ስትል እንባዋ ወረደ። «ረስቼው አይደለም፣ እትዬ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ረሳችው ብለው እንደሆነ...»

«ማን ረሳችው አለ?»

እናቴ ቀና አለች። እኔም ሪሞቱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ስሚኝማ» አሉ አክስቴ። «እሱ በሕይወት ሳለ ከመኪና ወርጄ በዚህ ጥርጊያ ስመጣ፣ አጥሩ ጋ ሳልደርስ ሳቅሽን ከሰማሁ ወንድሜ ቤት አለ ማለት ነው። ካልሰማሁ የለም ማለት ነው፤ ሳልጠይቅ አውቀው ነበር። ሌላ ሰው እንደዚያ አያስቅሽም። ያን ቀን በዝናብ ስመጣ ሳቅሽን ሰማሁ። መሞቱን ረሳሁት። አለ ብዬ ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። በሩን ልገፋ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ገብቼ እሱ የሌለበትን ቤት ማየት አቃተኝ። ድንቹን አስቀምጬ ተመለስኩ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ጎረቤታችን እንዳለችው። «የረሳሁትስ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ አዲስ ሞቶብኝ ቤቴ ተቀምጬ ሳለቅስ ከረምኩ።»

 የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋሁት።

«እሱ በሌለበት እንዴት እስቃለሁ፣ እትዬ?» አለች እናቴ።

«አስቆሽ የለም እንዴ ያ ባለ ባትሪው» አሉ አክስቴ። እጇን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «የገበያው ቀን ሁሉ እዚህ ስቀመጥ፣ አንድ ነገር ትይ እንደሆነ ብዬ ነበር የምጠብቅሽ። አንቺ ዝም ስትይ እኔም ዝም አልኩ። ለዝምታማ የራሴ ቤት ይበቃኝ ነበር፤ በሚኒባስ ተሳፍሬ እዚህ ድረስ ምን ያመጣኛል?»

እናቴ ፊቷን አክስቴ ትከሻ ላይ ጥላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ልቅሶዋ ድምፅ ሲኖረው ገና ያን ቀን መስማቴ ነበር። አክስቴም አብረዋት አለቀሱ፤ ወንድማቸውን በልጅነት ስሙ እየጠሩ። እኔ አላባበልኳቸውም። ሲበቃት እናቴ ቀና ብላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ወደ እኔ ዞረችና የሚበላ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ።